ካሳ ማለት ቤት ነው

ከሥራ በቀጥታ፣ እራት ሳትቀምሱ የመጣችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ አላንዛዛም። በቅድሚያ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሳ የሚባል ሰው አለ? አንድ፣ ሁለት እጅ አየሁ። ይቅርታ ጋሼ፣ በስፓኒሽ እርስዎ ቤት ነዎት።

ቀልዱ የኔ አይደለም። ባለፈው ዓመት ካስተማርኳቸው የአምስት ዓመት ልጆች አንዱ የኛው ልጅ ነበር። የቤት ሥዕል አንስቼ «ላ ካሳ» ስል እጁን አወጣና «ካሳማ ያያቴ ስም ነው» አለ። ከጎኑ የተቀመጠች የሳልቫዶር ልጅ ዞር ብላ፣ በሙሉ ቁም ነገር፣ «አያትህ መስኮት አላቸው?» ስትል ጠየቀችው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ሁለት» አለ። መነጽራቸውን ማለቱ መሰለኝ።

ያን ቀን ያዘጋጀሁትን ትምህርት አጥፌ አስቀመጥኩት። ጠዋቱን በሙሉ ስለ አያት ካሳ ቤት ስንጠይቅ ዋልን፤ በሩ ምን ዓይነት ነው? ማን ይተኛበታል? ዶሮ ይገባል ወይ? ይገባል። ልጁ ያለውን ስፓኒሽ ሁሉ አወጣ፤ ሲያልቅበት እንግሊዝኛ ጨመረ፤ እሱም ሲያልቅ በእጁ አሳየን።

ልጆቻችሁን በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የምትልኩ ወላጆች ስታገኙኝ የምትሉኝ አንድ ነው። «መምህር፣ እኛ እንግሊዝኛውንም በመከራ ነው የያዝነው፤ ስፓኒሹን ከየት አምጥተን እናግዘው?» ትምህርቱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ማያሚ ያለው ኮራል ዌይ ትምህርት ቤት የኩባ ስደተኞች ልጆችና የአሜሪካ ልጆች በሁለት ቋንቋ አብረው እንዲማሩ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ እዚሁ ዋሽንግተን ያለው ኦይስተር በ1971 ተከተለ። አዲስ የሆነው የእናንተ መጨመር ነው። የኔ መልስ ደግሞ አጭር ነው፤ ማገዣው በእጃችሁ አለ። የኔታ ፊት ተቀምጣችሁ፣ ወይም አንደኛ ክፍል ቆማችሁ፣ ሀ ሁ ሂ ያላችሁ ጊዜ ነው ያገኛችሁት።

እኔ ስፓኒሽን የተማርኩት እዚህ አገር አይደለም። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት አባቶቻቸውን ካጡ ልጆች ጋር በ1972 ዓ.ም. ወደ ኩባ ከተላኩት አንዱ ነኝ። የደረስነው የወጣቶች ደሴት ወደሚሏት ነበር፤ ቀድሞ የጥድ ደሴት ትባል ነበር አሉ፣ ስሟ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ትምህርት ቤቶቹ በግሬፕፍሩት እርሻ መሐል የተሠሩ ናቸው። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን እርሻ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን የቤት ሥዕል ሰቀለችልን፤ ቀይ ጣሪያ፣ ሁለት መስኮት፣ በደጁ አበባ። «ላ ካሳ» አለችን፤ «ላ ካሳ» አልናት። ጥሩ ሴት ነበረች። እኛ ግን የምናድረው በረጅም አዳራሽ፣ በድርብርብ አልጋ ላይ ነው። ያን ሥዕል የመሰለ ቤት ከመካከላችን የነበረው አልነበረም፤ የነበረንም ቤት ከኋላችን ቀርቷል። ፈጥነው በአፌ የገቡት ቃላት ሌሎች ናቸው፤ አልቤርጌ፣ የምናድርበት አዳራሽ፤ ሊቴራ፣ ድርብ አልጋ፤ ቶሮንኻ፣ ያ የሚመር ፍሬ፤ ጓጓ፣ አውቶቡስ። አዎ፣ ኩባዎች አውቶቡስን ጓጓ ይሉታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛም እንጓጓለት ነበር። ካሳ የምትለዋን ቃል ግን ለብዙ ጊዜ በአማርኛ ነበር የምሰማት።

ዛሬ ልጆች ፊት ስቆም ይሄ አይረሳኝም። መጽሐፉ የሚያሳየው ቤትና ልጁ ጠዋት የወጣበት ቤት ካልተገናኙ፣ ልጁ ድምፁን እንጂ ቃሉን አይዝም።

አሁን ወደ ፊደሉ ልግባ። ስፓኒሽ አምስት አናባቢ አለው፤ ከአምስቱ በላይም በታችም የለም። አማርኛ ሰባት ቤት አለው። የነሱን ተራ በኛ ቤት ብታስቀምጡት እንዲህ ይመጣል፤ ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ። ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሣልስ፣ ሳብዕ፣ ካዕብ። ግዕዙ የላቸውም፤ ሳድሱን ደግሞ ተነባቢ ብቻውን ሲቆም ይጠቀሙበታል። ሜሳ፣ ጠረጴዛ ማለት ነው፣ አንድ ኃምስና አንድ ራብዕ። ሳላ፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ሁለት ራብዕ፤ ለኛ የአዋሽ ፓርክ እንስሳ ናት፣ ለነሱ ሶፋ የሚቀመጥባት። ካማ አልጋ ነው። ቴቾ ጣሪያ ነው። ቤንታና መስኮት ነው፤ ቤ፣ ን፣ ታ፣ ና፤ ሳድሷን አያችኋት? በላቲን አሜሪካ የልጆች ማንበቢያ ላይ ለብዙ ትውልድ ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ እየተባለ የተቆጠረው የኛ ገበታ የአክስት ልጅ ነው።

ስለዚህ የስፓኒሽ ቃል ስትሰሙ በፊደል ጻፉት። የማስጠነቅቃችሁ ከአንድ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ስም አታግዙት። «ኤም፣ ኢ» እያላችሁ ከጀመራችሁ ልጁ ሜሳን «ሚሳ» ብሎ ያነበዋል። በየቀኑ የማርመው ስሕተት ከስፓኒሽ የመጣ አይደለም፣ ከእንግሊዝኛ የተበደረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ፣ የብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎችን ልጆች ባወዳደረ ጥናት፣ የስፓኒሽ ልጆች በአንደኛው የትምህርት ዓመት መጨረሻ ከሚያውቋቸው ቃላት 95 በመቶ ያህሉን በትክክል አንብበዋል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ፣ የስኮትላንድ ልጆች ነበሩ፣ 34 በመቶ ገደማ። የስኮትላንዶቹ በዕድሜ ትንሽ ያንሳሉ፤ ይሄ መባል አለበት። ቢሆንም ዋናው ልዩነት በልጆቹ አእምሮ ውስጥ አይደለም፤ በፊደሉ ጠባይ ነው። የተጻፈውን እንደተጻፈ የሚያስነብብ ቋንቋ ለልጅ ቸር ነው። አማርኛም እንዲሁ ቸር ነው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ባይነግረንም። ዋና የሚዋኙት ዋናና ዋና የሆነው ዋና በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ስፓኒሽ ግን ፔሮ፣ «ነገር ግን»፣ እና ፔሮ፣ «ውሻ»፣ የሚለዩት ር ሲጠብቅ ፊደሉን ደግሞ በመጻፍ ነው። እዚች ላይ በልጠውናል።

አሁን የምነግራችሁን ሳስተምር በጣም የምወደው ነገር ነው፤ ጥቂት ታገሡኝ። ኤሚልያ ፌሬይሮ የምትባል የአርጀንቲና ሴት ነበረች። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው የፒያዤ ተማሪ ናት፤ በኋላ ሜክሲኮ ኖረች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዐረፈች። ከአና ቴቤሮስኪ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ገና ያልተማሩ የስፓኒሽ ልጆች «ጻፉ» ሲባሉ ምን እንደሚያደርጉ አሳየች። ልጆቹ ዝም ብለው አይሞነጫጭሩም፤ ሕግ አላቸው። በአንድ ደረጃ ላይ ለእያንዳንዱ የአፍ ክፍለ ቃል አንድ ምልክት ያስቀምጣሉ። ካ ሲሉ አንድ፣ ሳ ሲሉ አንድ። ማንም ሳይነግራቸው! ይህን መጀመሪያ ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ልጆቹ እኮ ፊደላችንን ነው የፈጠሩት። ለአንድ ክፍለ ቃል አንድ ምልክት፣ የቅዱሳን አባቶቻችን ሕግ፤ የአራት ዓመት ሕፃን ቦነስ አይረስ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘው።

ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፣ የቤት ርእስ የሚጠቅመኝም እዚህ ላይ ነው። የስፓኒሽ ልጅ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንድ ላቲን ፊደል ሲመርጥ ብዙውን ጊዜ የሚሰማውን አናባቢ ይይዛል። ካሳን «አ አ» ብሎ ይጽፋል። ደስ አለው። ቀጥሎ አልጋውን ሊጽፍ ነው፣ ካማ፤ «አ አ»። ቀጥሎ ሳሎኑን፣ ሳላ፤ «አ አ»። አሁን ወረቀቱን ያያል። ቤቱ፣ አልጋውና ሳሎኑ አንድ ሆኑበት። ልጁ ሲናደድ አይቻለሁ፤ አንዷ እርሳሷን ጥላ «ሁሉም አንድ ነው!» ብላ አለቀሰች። እኔ አልነገርኳትም። በማግስቱ መጥታ ካማ ላይ አፏን ገጥማ ም፣ ም፣ ም ስትል ያዝኳት። ተነባቢውን አገኘችው። ይህን ሦስት ገጽ ማብራሪያ ከምሰጣት አልጋዋና ቤቷ ተጣልተው አስተማሯት።

ታዲያ የቤት ቃላት ሁሉ እንዲህ ቀና አይደሉም። ኮሲና የሚለውን ውሰዱ፤ ማድ ቤት ነው። ኩሽናችን በጣሊያን በኩል የመጣ ዘመዱ ነው። በላቲን ሲጻፍ ኮ እና ሲ የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው፤ ያው ምልክት ከ አ፣ ኦ፣ ኡ ፊት ከ ነው፣ ከ ኤ እና ኢ ፊት ሰ ነው። የልጁን ፊት ብታዩት፣ «ይህ ፊደል ይዋሻል» የሚል ፊት ነው። በር ደግሞ ፕዌርታ ነው፤ ፕ፣ ዌ፣ ር፣ ታ፣ ለሕፃን ምላስ ገደል። ስለዚህ ሜሳንና ሳላን አስቀድማለሁ፣ ኮሲና ትከተላለች፣ ፕዌርታ ኋላ ትመጣለች። ቤት የሚገባው በበር ነው፤ በንባብ ግን በሩ የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው።

ብዙ ክፍል ውስጥ ብትገቡ በሩ ላይ «በር»፣ ወንበሩ ላይ «ወንበር» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። ያምራል። ልጁ ግን የሚያነበው በሩን ነው እንጂ ወረቀቱን አይደለም። የኔታ ይህን ያውቁ ነበር። ልጅ ሀ ሁን በዜማ ይዞ ዓይኑ ዝንብ ሲከተል ሲያዩ ነው አቡጊዳን የሚያመጡት፤ ቤቱ እየተዘበራረቀ ሲመጣ ዜማው አያድነውም፣ ማየት አለበት። እኔም አርብ አርብ ልጆቹ ለጨዋታ ሲወጡ ወረቀቶቹን አዘዋውራለሁ። ሜሳ የሚለውን በር ላይ፣ ካማ የሚለውን ቆሻሻ መጣያው ላይ። ሲመለሱ ጩኸቱን መስማት ነበረባችሁ። «ማኤስትሮ፣ አልጋው ቆሻሻ ነው!» ያን ጊዜ አነበቡ እላለሁ።

አንድ ሁለት ነገር ደግሞ ለእናንተ ብቻ። ባኞ የሚለው ቃል አለ፤ መታጠቢያ። ከጣሊያን ያገኘነው ቃል ነው፣ ስፓኒሹም ያው ነው፣ ቃል በቃል። ኝ የምትለዋን ድምፅ ለመጻፍ የስፔን ጸሐፊዎች ምን አደረጉ? ሁለት ን ከመጻፍ ብራና ለመቆጠብ አንዷን ከላይ በጭረት አመለከቱ። የኛዎቹስ? ግዕዝ ኘ የለውም፤ ለአማርኛ ሲፈለግ ነ ላይ ጭረት ጫኑ። ሁለት የማይተዋወቁ ጸሐፊዎች፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ መላ። ለክፍሌ ለኛው ልጅ ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፌ ሳሳየው ፊደሉን ጠቁሞ «ባርኔጣ አድርጋለች» አለ። ዛሬ ክፍሉ በሙሉ ባለባርኔጣዋ ይላታል። ሌላዋ ደግሞ የላቲኗ «ቤ» ናት። ፊንቄያውያን ዘንድ ስሟ ቤት ነው፣ መነሻዋም የቤት ሥዕል ነው ይባላል፤ የኛም በ በግዕዝ ስሟ ቤት ነው። በፊደል ገበታ ላይ ቤት ተደብቆ ተቀምጧል ብላችሁ ንገሯቸው፤ ይፈልጉታል።

የቤት ርእስ ሲነሣ የማይቀር ተረት አለ፤ ሦስቱ አሳማዎች። የሳር፣ የእንጨት፣ የጡብ። አንዲት እናት በስልክ ደውላ «መምህር፣ በጾም ለምን አሳማ?» አለችኝ። ሳቅሁ፣ ግን ልክ ነበረች፤ እኔም ፍየል አደረግኋቸው። የከፋኝ አሳማው አይደለም። ተረቱ ሳር ቤት የሚሠራውን ሰነፍ ያደርገዋል፣ ተኩላው እፍ ሲል ይበትነዋል። ሳር ክዳን ጎጆ ውስጥ ስንት ክረምት አሳለፍን? ምሰሶው ተተክሎ፣ ማገሩ ታስሮ፣ ክዳኑ በወጉ ተከድኖ፣ እፍ ቢባል ማን ይበተናል? የሳልቫዶሯ ልጅ ደግሞ አያቷ ቤት ባአሬኬ ነው፤ የእንጨትና የሸንበቆ ማገር በጭቃ የተሞላ። የኛው ጭቃ ቤት ማለት ነው። ጣሪያውን የሚደግፈውን ባለ መንታ ጫፍ እንጨት ኦርኮን ይሉታል። ታሪኩን ካነበብን በኋላ ልጆቹን የምጠይቃቸው «ቤቱ ከምን ተሠራ?» ሳይሆን «ማነው ቸኩሎ የሠራው?» ነው። ባለፈው ዓመት የሳልቫዶሯ ልጅና የኛው ልጅ ተባብረው፣ ተኩላው ቢነፋ የማይበተን ሳር ቤት ሠሩ። በሳጥንና በሙጫ። ተኩላው እኔ ነበርኩ፤ ነፋሁ፣ አልተበተነም።

ስለ ቃላቱ አትጨነቁ። መኝታ ቤትን አንዱ ዶርሚቶሪዮ፣ ሜክሲኮው ሬካማራ፣ ሌላው ኳርቶ ወይም አልኮባ ይለዋል። አልኮባና ትራሱ አልሞአዳ ከዐረብኛ የገቡ ናቸው፤ የቡና ሲኒው ታሳም እንደዚሁ፤ ጣሳን በሰማሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች። ኦጋር የሚሉት ቃል ደግሞ ምድጃም ነው ቤትም። ከላቲኑ የእሳት ማንደጃ የወጣ ነው። ትርጉሙን ለልጅ ለማስረዳት ቡና የሚፈላበትን ቦታ አሳዩት።

አንድ ከባድ ነገር አለ። «ቤትህን ሣል» የሚለው ትእዛዝ ለሁሉም ልጅ ቀላል አይደለም። ከመካከላችሁ ቤዝመንት ተከራይታችሁ፣ አንድ ክፍል ለአራት የተኛችሁ አላችሁ፤ እኔም ኖሬበታለሁ። አንድ ልጅ ፍራሽና የስልክ ቻርጀር ብቻ ሥሎ አመጣ። ከጎኑ ያለው ደረጃ፣ ጋራዥ፣ መዋኛ ሥሏል። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን ቀይሬዋለሁ፤ «የት ትተኛለህ? ማን አጠገብህ ነው?» እላለሁ። ያ ልጅ «አጠገቤ እናቴና ዝናብ ናቸው» ብሎ ነበር የመለሰው፤ መስኮቱ መሬት ላይ ስለሆነ ዝናቡ ይሰማዋል። ስፓኒሹን አብረን ጻፍነው። ትምህርት ቤታችሁ «የቤትህን ፎቶ አምጣ» ካለ እናንተም የማትፈልጉትን አትላኩ፤ ያያቱ ቤት ይላክ፣ የሚሸፈነው ይሸፈን። ለመምህሩም በትሕትና ንገሩት፤ አይቀየምም።

«ሦስት ቋንቋ አይከብደውም?» ብላ ቅድም በር ላይ የጠየቀችኝ እኅቴ የት ነሽ? የሚከብደው ባዶ ቃል መሸከም ነው። በአማርኛ ጓዳ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ጓዳ የሚለውን ቃል በስፓኒሽ ለማግኘት ስም ብቻ ይጎድለዋል፤ ጓዳን ከነጭራሹ የማያውቀው ግን ነገሩንም ስሙንም ነው የሚማረው። ስለዚህ ማታ ማታ በአማርኛ አጫውቱት። ያደጋችሁበትን ቤት፣ ምሰሶውን፣ መደቡን፣ ምጣዱ የሚቀመጥበትን ጥግ። ክፍሌ ውስጥ የኛው ልጅ ምጣድ ብሎ ሲነሣ የሳልቫዶሯ «ኮማል!» ትለው ነበር፤ ቶርቲያ የሚጋገርበት የሸክላ ምጣድ ነው፤ ሁለቱ ልጆች ከኔ ይልቅ ይግባቡ ነበር።

ከፊታችሁ ያለውን ወረቀት አንሡ። እርሳስ ያጣችሁ ከጎን ተበደሩ። የምላችሁን በፊደል ጻፉ፤ ሜሳ። ሳላ። ካማ። ኮሲና። ባኞ፣ ባርኔጣዋን እንዳትረሱ። ቴቾ። ቤንታና። ፕዌርታ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ እሺ፣ ጻፉት። ይህን ፍሪጅ ላይ ለጥፉና፣ ልጁ ሲተኛ አዘዋውሩት።

እየጻፋችሁ ስለ አያት ካሳ የልጅ ልጅ ልንገራችሁ። ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይጽፋል። የሱ ገጽ «ሚ አቡዌሎ ካሳ ቴኔ ኡና ካሳ» ይላል፤ አያቴ ካሳ ቤት አለው። ቲዬኔ መሆን የነበረበት ቴኔ ሆኗል፤ እሱን ተውኩት። አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ቤቱን በስፓኒሹ ፊደል በትክክል ጽፎታል፤ አያቱን ግን ስፓኒሽ እምብዛም በማይጠቀምበት በሌላኛው ከ ነው የጀመረው። ጎንበስ ብዬ ሁለቱን ቃላት በጣቴ አመለከትኩና ለምን እንደለያያቸው ጠየቅሁት። የአያቱን ስም ነካ አደረገና፣

«ይሄኛው በር የለውም» አለኝ።